ክፍት ስትሆን ትሰማለች

መልከጸዴቅ መዝገብ አያያዝ ሊማር ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በመጀመሪያው ቀን የተነገረው አንድ ነገር ነበር፦ ሰነድን እንዳገኘኸው አስቀምጥ፤ አረምኩ ባልክ ቀን አጥፍተሃል። ይህን ቃል ሃያ ሁለት ዓመት እንደ ክታብ አንገቱ ላይ አስሮ ኖሯል። ታዲያ የሟች ወንድሙ ሞተር ሳይክል እጁ ሲገባ ምን አደረገ? አረመው።

ወንድሙ ፍስሐ፣ ኤቨረት በምትባል ከተማ የአውሮፕላን ዕቃ ሲገጥም ይሰነብትና ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ ቀይ የእሽቅድምድም ሞተር ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባል ሰፈር ወደሚኖሩት እናታቸው ይመጣ ነበር። በየካቲት ልቡ ቀጥ አለች። ለሞተሩ ገዢ ተገኘ። እናታቸው ወይዘሮ እጅጋየሁ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሳይወሰድ አንድ ጊዜ አስነሳልኝ፤ ድምፁን ልስማ።»

«አስነሳልኝ» ነው ያሉት፤ «ጠግንልኝ» አላሉም። መልከጸዴቅ ግን ጎባጣ ነገር አይቶ የሚያልፍ ዓይን አልተሰጠውም። የሞተሩ ሰሌዳ ላይ ቢጫ መብራት ይበራል! የጥገና መጽሐፉን ሦስት ጊዜ አነበበ። ድምፅ ከሚያፍነው ማርሚታ በፊት፣ የጭስ ማውጫው ቧንቧ ውስጥ አንዲት ክብ ክዳን አለች። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር አንድ ትንሽ ዲናሞ በካቦ ስቦ ክዳኗን ያጠባታል፤ ያኔ ጉልበት ትጨምራለች፣ ጩኸትም ታፍናለች። ሲፈጥን ደግሞ ትከፈታለች። ፍስሐ ዲናሞውን ነቅሎ፣ ክዳኗን እንደተከፈተች በሽቦ ጠፍሯታል። ሽቦው ላይ ፕላስተር ለጥፎ በእጁ ጽፎበታል፦ «ክፍት ስትሆን ትሰማለች።»

መልከጸዴቅ «ትሰማለች» ከሚለው «ሰ»ንም «ማ»ንም አጥብቆ አነበበው። ክዳኗ ክፍት ከሆነች ድምፅዋ ይሰማል ማለት ነው፤ ወንድሙ ጉድለቱን መዝግቦ መጠገኛ ጊዜ አጥቷል ማለት ነው። የፍስሐ የሥራ ባልደረባ ለነበረው ለአበጀ ደወለ።

«ሶ ዲግሪህ ብሎን ይፈታል?» አለው አበጀ።

«መጽሐፉ ገጽ መቶ አርባ ሁለት ላይ...»

«ኧረ አንተ ሰውዬ! ዝም ብለህ አስነሳላቸው!»

ሽቦውን ፈትቶ ዲናሞውን መልሶ መግጠም ሁለት ሳምንት ፈጀበት። ጣቱ ተላጠ። አንድ ብሎን «የጠፋ» ተብሎ በማስታወሻው ከሰፈረ በኋላ ከገዛ ኪሱ ተገኘ። በመጨረሻ ግን ቢጫው መብራት ጠፋ፤ መልከጸዴቅ ሲመረቅ እንኳ እንዲህ አልኮራም።

ገዢው በሚመጣበት ቅዳሜ ጠዋት እናቱ ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ወጥተው የመደገፊያውን ብረት ይዘው ቆሙ። መልከጸዴቅ አስነሳ።

«በል እንጂ፣ አስነሳዋ!» አሉ እናቱ ቁልቁል።

«ተነስቷል፣ እማዬ!»

«እ?»

«ተነስቷል!»

«ባትሪው ሞቷል፤ ተወው በቃ፣ የኔ ልጅ» አሉና ፊታቸውን መለሱ።

የእናቱ ጆሮ ከደከመ ስንት ዓመቱ! መልከጸዴቅ እዚያው ኮርቻው ላይ እንዳለ ጽሑፉን በልቡ አላልቶ አነበበው። ትሰማለች። እንዲህ የተባለችው ክዳኗ አልነበረችም፤ እማዬ ናት። ወንድሙ ለእናቱ መምጣቱን የሚነግርበትን ደወል፣ መዝገብ አዋቂው በሁለት ሳምንት ትጋት ደፍኖታል።

«አንዴ ቆይ፣ እማዬ! አትግቢ!»

መቼም ሽቦውን አልጣለውም። ቀን ተጽፎበት ከነፕላስተሩ ፖስታ ውስጥ ተቀምጧል፤ ለአንድ ቀን እንኳ አመሉ ጠቀመው። ዲናሞውን ነቀለ፣ በጋለው ቧንቧ የጣቱን አንጓ እየተለበለበ ክዳኗን ከፍቶ በዚያው ሽቦ አሰራት። ቢጫው መብራት ተመልሶ በራ። አስነስቶ ነዳጅ ሰጠ።

የጎረቤት መስኮት ተንቀጠቀጠ። እናቱ ወደ በረንዳው ተመልሰው ብቅ አሉ፤ ጣታቸውንም ቀሰሩ።

«አንተ! ሰው ይረበሻል! ስንቴ ልንገርህ?»

ፍስሐን ዘወትር ቅዳሜ የሚቆጡት በዚህችው ቃል ነበር። መልከጸዴቅ ደንግጦ አጠፋው። እናቱ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ቆዩ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ወደ ታች አጎነበሱ።

«እስቲ ድገመው።»