ክንፍ የነበራቸው ሰዎች ከተማ

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አንድ ዶርም የምንጋራ ጓደኛዬ አንድ ጨዋታ አስተማረችኝ። አንዱ ሰው ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ወደ ታሪኩ ይገባሉ፤ ያሰቡት መሳካት አለመሳካቱን ዕጣ ይወስነዋል። በሌላ አገር ይህን የሚጫወቱ ሰዎች ከተማውን በትንሹ ሠርተውና ቀብተው ጠረጴዛ ላይ እንደሚያኖሩት በቪዲዮ ያሳየችኝም እሷ ናት። እኛ ግን አልጋ ላይ ወረቀት ዘርግተን በእስክሪብቶ እየሳልን፣ ቁጥር የጻፍንባቸውን ቁርጥራጮች ከስኒ እያወጣን ነበር የምንጫወተው።

ስንመረቅ እኔ በትውልድ ከተማዬ በሰቆጣ የባዮሎጂ መምህርት ሆንኩ፤ እሷ ነርስ ሆና ጽጽቃ በምትባል ትንሽ ከተማ ተመደበች። ባለፈው ዓመት በጾሙ መግቢያ ላይ ደውላ ለፋሲካ እንደምትመጣ ነገረችኝ። በወረቀት እንደማንጫወት፣ ከተማ ሠርቼ እንደምጠብቃት ነገርኳት። ሳቀች። እልህ ያስያዘኝ ሳቋ ነው።

ያሰብኳት ከተማ ገደል ላይ የተለጠፈች ነበረች። ነዋሪዎቿ ድሮ ክንፍ ስለነበራቸው ደረጃ አያስፈልጋቸውም፤ የቤቶቹ በሮች ሁሉ ወደ አየር ይከፈታሉ። ኋላ በሽታ ገባና ክንፋቸው ረገፈ። ልጆቻቸው ከበር ወደ በር መሰላል ዘረጉ፣ ድልድይ ሰቀሉ፣ ኑሯቸውን ቀጠሉ።

ቴሌቪዥን የሚሸጠውን ጎረቤታችንን በየካርቶኑ ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ፎም እንዳይጥል ለመንኩት። ወላጆቼ ግቢ ውስጥ ባለችው ክፍሌ ቢላ በከሰል እያጋልኩ ገደሉን ቆረጥኩ፣ ማማዎቹን አቆምኩ። የፎሙ ፍርፋሪ ልብሴም ፀጉሬም ላይ እየተለጠፈ አስቸገረኝ። ከተማዋ ቆማ ስትታይ ግን ቸኮልኩ። ጥቁሩን መነሻ ቀለም በብሩሽ ከምቀባው ብዬ ከአንድ ጋራዥ የመኪና ስፕሬይ ለምኜ ነፋሁባት።

መጀመሪያ ቀለሙ እየደረቀ መሰለኝ። ከዚያ ትልቁ ማማ አንገቱን ደፋ። ቀጥሎ ገደሉ ራሱ እየተቦረቦረ ገባ፤ ስፕሬዩ ፎሙን እያሟሟው ነበር። የስፕሬዩን ጣሳ ይዤ ቆሜ ሳይ በሮቹ አንድ በአንድ ተዘጉ።

አባቴ በር ላይ የደረሱት ያኔ ነው። ቄስ ናቸው፤ ከቅዳሴ መመለሳቸው ነበር። ስለሟሟው አልጠየቁኝም። የተረፈውን ጎን ጎንበስ ብለው አዩት።

«እነዚህ በሮች ወደ ገደል ነው የሚከፈቱት?»

«አዎ አባ። ሰዎቹ ክንፍ ነበራቸው። ኋላ ረገፈባቸው።»

«ክንፍ ኖሮት የወደቀ እኔ የማውቀው አንድ ነው» አሉ። «እሱም ለጨዋታ አይሆንም።»

መላእክት እንዳልሆኑ፣ በትዕቢት ሳይሆን በበሽታ እንዳጡት፣ ጨዋታውም ከዚያ በኋላ እንዴት እንደኖሩ የሚያሳይ መሆኑን ልነግራቸው ሞከርኩ። አልተቀበሉኝም። በጾም ወቅት በቤታቸው እንዲህ ያለ ነገር እንደማይወዱ ነገሩኝ።

«በጾም አልጫወትም አባ» አልኳቸው። «ከተማዋን ግን እሠራታለሁ።»

ፊታቸውን አዙረው ወጡ። ግቢው ውስጥ ለእናቴ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣና ሲናገሩ ሰማኋቸው፤ አባቴ ሲቆጡ ወደ ኽምጣና ይገባሉ። እኔ ደግሞ የሟሟውን ለቅሜ ጣልኩና ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ካርቶን ፍለጋ ሄድኩ።

ሁለተኛውን ገደል በተደራረበ ካርቶን ሠራሁት። የአናጺዎችን ነጭ ኮላ ከተነፋ አሸዋ ጋር ለውሼ ስለቀባሁት ሲደርቅ ዐለት መሰለ። ኮላው ሲያልቅብኝ አንዱን ሰፈር በዱቄት ሙጫ ለጠፍኩትና አይጥ በላው፤ ያንንም አፍርሼ እንደገና ሠራሁ። ከሁሉ የከበደኝ ድልድዩ ነው። የላይኛውን ሰፈር ከታችኛው የሚያገናኝ እሱ ብቻ ነበር። የማዳበሪያ ከረጢት ፈትቼ ክሩን ጎነጎንኩ፣ የክብሪት እንጨት ረበረብኩበት። ይረግባል፤ እፈታዋለሁ። ይጣመማል፤ እፈታዋለሁ። ቀጥ ብሎ የተወጠረ ዕለት ለማንም አልነገርኩም፤ ብቻዬን ተቀምጬ አየሁት።

ቀለሙን መጀመሪያ በቪዲዮ እንዳየሁት ግራጫ አድርጌው ነበር፤ ውሸት ሆነብኝ። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ካለው ዳገት አንድ ድንጋይ አምጥቼ አጠገቡ እያስተያየሁ በጠበጥኩ፤ ቀላ ያለ፣ ቢጫ የነካካው ሆነ። ከሥር ጠቆር ያለውን ከቀባሁ በኋላ ነጣ ያለውን ብሩሽ ላይ አድርጌ፣ ደረቅ እስኪመስል በጨርቅ ጠርጌ፣ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ዳበስኩ። ያኔ ድንጋዩም በሩም ተለይቶ ወጣ።

ጓደኛዬ በፋሲካ ማግስት አቧራ ለብሳ መጣች። ከተማዋን የሚችል ጠረጴዛ ያለው ሳሎን ብቻ ስለነበር አባቴን ፈቃድ ጠየቅኳቸው። «ጾሙስ አልፏል» አሉና ግድግዳው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። አንድ የሒሳብ መምህር ባልደረባዬም አብሮን ተጫወተ፤ ታሪኩን የምመራው እኔ ነበርኩ።

የጓደኛዬ ገጸ ባሕርይ ለላይኛው ሰፈር መድኃኒት የምታደርስ መልእክተኛ ነበረች። ሊነጥቋት የሚፈልጉ ወታደሮች ይከተሏታል። ድልድዩን ተሻገረችና ዞራ አየች።

«እቆርጠዋለሁ» አለች።

ዕጣ አወጣች፤ ትልቅ ቁጥር ወጣላት። ተሳክቶላታል ማለት ነው። ከዚያ ፊቴን አይታ፣ እንደተቆረጠ አድርገን ብናስበው እንደሚበቃ ነገረችኝ። እውነቷን ነው፣ ይበቃ ነበር። ግን ተነሥቼ ምላጭ አመጣሁ። ከተማዋን የሠራሁት እንድንጫወትባት ነበር። ክሩን ስቆርጠው ድልድዩ ተወረወረና ገደሉ ላይ ተንጠለጠለ። ጨዋታውን ቀጠልኩ።

«ያን ሁሉ ደክመሽ» አሉ አባቴ። ከመቀመጫቸው ተነሥተው ወደ ጠረጴዛው ቀረቡ። «ታች የቀሩትስ? ሕፃናቱ፣ ደካሞቹ፣ በምን ይሻገራሉ?»

እንደማላውቅ፣ ያንን የሚወስኑት ተጫዋቾቹ እንደሆኑ ነገርኳቸው።

ተንጠልጥሎ የቀረውን ድልድይ ትክ ብለው አዩት። «ከላይ ያለ ሰው ገመድ ድንጋይ ላይ አስሮ ቢወረውርላቸው?»

ጓደኛዬ ስኒውን ወደ እሳቸው ገፋችው። አባቴ ትንሽ አመነቱና አንዲት ወረቀት አወጡ፤ ፈትተው አሳዩኝ። ትንሽ ቁጥር ነበር። ገመዱ ገደል እንደገባ ነገርኳቸው።

«ሌላ አይወጣም?»

«በየተራ ነው አባ።»

አግዳሚውን ወደ ጠረጴዛው ሳቡና ተራቸውን መጠበቅ ጀመሩ።