ከርብ ማዶ ያልረገጠችው ይታይሽ

ይታይሽ አያልነህ ስትቆጣ በቁሐር ሚካኤል ሜዳ የተሰማሩት ላሞች ግጦሻቸውን ትተው ቀና ይላሉ እየተባለ ይወራ ነበር። ይህ የተጋነነ ነው፤ ቀና የሚሉት ወይፈኖቹ ብቻ ናቸው። በ1951 ዓ.ም. ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ ተመልሳ የተቆጣችው ቁጣ ግን ላሞቹንም ባለላሞቹንም ቀና እንዳሉ አክርሟቸዋል።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ የከብት በሽታ ገብቶ የእሷንና የባሏን የማረውን ጥማድ በሬ ጠራርጎ ወሰደው። በዚያው ሰሞን ሱዳን ሰሊጥ አጫጅ ጠፍቶ ሰው እንደ ንጉሥ ይለመናል የሚል ወሬ ደረሰ፤ ባልና ሚስቱም በመተማ አድርገው ተሻገሩ። ገዳሪፍ ላይ እንደ ንጉሥ የለመናቸው ሰው አልነበረም። ሰሊጡ ግን ነበረ፤ ፀሐዩም ነበረ። ዐሥራ አራት ዓመት አጨዱ። ያገሩ መንግሥት አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክሮ የመኖሪያ ወረቀት ሰጣቸው፤ ያለዚያ ከሰፈሩ ይባረሩ ነበር። ልጃቸው ንግሥቲ እዚያው ተወለደች፣ እዚያው በወባ ሞተች፤ ማረውም ብዙ ሳይቆይ ተከተላት። ይታይሽ ሁለቱንም ቀብራ፣ ወረቀቷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ በካሚዮን ጭነት ላይ ተቀምጣ ወረታ ገባች።

የመጣችው ለመሬቷ ነው። አባቷ አያልነህ ሊሞት ሲል፣ ውሃው ሲሸሽ ጓያና ሽምብራ የሚዘራበትን ጥቁር መሬት ለይቶ ለእሷ ተናዞላታል። እሷ በሌለችበት ዘመን ሁሉ ያረሰው ታናሽ ወንድሟ ደረሰ ነው። ደረሰን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ስትመጣ በግ አርዶ ተቀበላት፤ «እትዬ፣ እትዬ» እያለ እግሯን አጠባት። መሬቷን ስትጠይቀው ግን በአንድ ጀንበር ሕግ አዋቂ ሆነ። አጥቢያ ዳኛው ዘንድ ቀርቦም፣ «ይህች የገዳሪፍ ሴትዮ የሱዳን መንግሥት ሰው ናት፤ የውጭ አገር ሰው ደግሞ ርስት አይወርስም» አለ። እትዬ የምትባለው ቀርታለች። ዳኛውም ወዲህ ወዲያ ብለው፣ ከላይኛው ጽሕፈት ቤት ኢትዮጵያዊት ነሽ የሚል ወረቀት ታምጣ ብለው ሸኙዋት።

ይታይሽ ከዳኛው ደጅ እስክትወጣ እንኳ አልታገሠችም። ይህ የፎገራ አገር ራሱ በየክረምቱ ለጣና እጁን ሰጥቶ ሐይቅ ሆኖ ይከርማል፤ ጥቅምት ላይ ተመልሶ ሜዳ ሲሆን ማመልከቻ ጻፍ ያለው አለ ወይ? እሷን ምን ነክቷት ነው የምትጽፈው? እያለች ወረታ ድረስ መንገዱን ሁሉ ስትሰድብ ሄደች።

ወረታ ላይ፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ በሚገናኙበት፣ ከሾላው ሥር በሳሙና ሣጥን ላይ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፍ አንለይ የሚሉት ሰው ነበር። አንለይ የጠፋ አህያ ማመልከቻ ሲጽፍ ሌባው አልቅሶ አህያይቱን ይመልሳል ይባላል። የይታይሽን ነገር ከጥግ እስከ ጥግ ሰማና ብዕሩን አስቀመጠ። የጽሕፈት ቤቱ መጠየቂያ ቅጽ፣ አመልካች በሌላ አገር መንግሥት ሥር ነዋሪ ሆኖ ያውቅ እንደሆነ ይግለጥ ይላል።

«እትዬ፣ ሱዳንን ከዚህ ላይ እናንሣት» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሰፊ አገር ናት፤ አንድ መስመር ብትጎድልባት አይሰማትም።»

«ልጄንስ የት ልትቀብርልኝ ነው?» አለችው።

አንለይ ብዕሩን መልሶ አነሣ። ዐሥራ አራቱንም ዓመት አንድ ሳያስቀር ጻፈ፣ የገዳሪፉን ወረቀትም አያይዞ ሰጣት።

የወረታው ጽሕፈት ቤት የሚያውቋትን ሦስት ምስክሮች አምጪ አላት። ቁሐር ላይ ምስክር ከተባለ አያ ሸዋዓለም ናቸው። በአገሩ ያለ ድንበርና ያለ ርስት ሁሉ በእሳቸው መሐላ የቆመ ነው። እሳቸው ታመው የተኙ ቀን መሬቱ ራሱ የማን እንደሆነ ግራ ይገባው ነበር። ሁለት ሽማግሎች ጨምረው በበቅሎ ወጡ።

በዚያ አገር ለወገን መመስከር ያዩትን መናገር ብቻ አይደለም፤ ከወገን ጎን መቆም ነው። ቀዝቀዝ አድርጎ የመሰከረ ሰው ጠላት ነው። ሽማግሎቹም መንገድ ላይ ተመካከሩና የሱዳኑ ነገር ልጂቱን ይጎዳታል አሉ። ለእሷ ግን አልነገሯትም፤ ሰው ስለ ራሱ የሚነገርለትን ውዳሴ አስቀድሞ አያሰናዳም። እሷ ደጅ ቁጭ ብላ ሳለች አያ ሸዋዓለም እጃቸውን አንሥተው፣ ይህች ልጅ ከተወለደች ከርብ ወንዝ ማዶ እግሯ አልረገጠም ብለው ማሉ። ሁለተኛው ላለመበለጥ ይፋግ ገበያን እንኳ አይታ አታውቅም አሉ። ሦስተኛው ወረታንም ገና ትናንት ነው ያየችው ብለው ደመደሙ። ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ አልተወለደችም ይሉ ነበር።

ውሳኔው ክረምቱን ሁሉ ሲፈላ ቆይቶ ውሃው ሲጎድል ወጣ። ዋናው ጸሐፊ የራሱ አእምሮ እያስደነቀው አነበበላት። በምስክሮች ቃል እንደተረጋገጠው ይታይሽ አያልነህ ከአገሯ ወጥታ የማታውቅ ኢትዮጵያዊት ስለሆነች ማመልከቻ አያስፈልጋትም። ይህችኛዋ አመልካች ግን በገዛ አንደበቷ የሱዳን ነዋሪ ነበርሁ ስላለች ምስክሮቹ የሚያውቋት ሴት እሷ አይደለችም። ስለዚህ ያለ ምስክር ቀርባለችና ጥያቄዋ ተሰርዟል።

ይታይሽ ነጠላዋን አጥብቃ ታጠቀች። «እና እኔ የትኛዋ ነኝ?»

ጸሐፊው አሰበበት። «እሱን ለማወቅ» አላት «ሌላ ማመልከቻ ይጠይቃል።»

ቁሐር የደረሰችው የሚካኤል ዕለት፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥላ ሥር ሰብሰብ ባለበት ነው። አያ ሸዋዓለም መካከል ላይ ተቀምጠዋል። ይታይሽ ፊት ለፊታቸው ቆማ ውሳኔውን እንደ ሰማችው ተናገረች። ጥቂቶች ሣቁ፤ ፊቷን ሲያዩ ሣቃቸውን ዋጡት።

«ለአንቺው ብዬ ነው ልጄ» አሉ ሽማግሌው።

ደረሰ ይህን ጊዜ ከቅጥሩ ሥር ተነሣ። ብልጠት ከፊቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። ወረቀቱ ካገር አልወጣችም ካለ መልካም፤ እዚሁ ታቦቱ ደጅ ገዳሪፍ አልነበርሁም ብላ ትማል፣ መሬቱን ዛሬውኑ እለቅላታለሁ አለ። እንደማትምል ያውቃል። ሽማግሎቹ ግን ደስ አላቸው፤ ነገሩ በአንዲት ቃል ሊያልቅላቸው ነው። አንቺም ማይ፣ እኛ አስቀድመን ምለን መንገዱን ጠርገንልሻል እያሉ ከግራም ከቀኝም ለመኗት። ጥቁሩ መሬት ከቅጥሩ በታች ውሃው ሰሞኑን ሸሽቶለት እንደ ቅቤ ያብለጨልጫል። አየችው። ብዙ አየችው።

«ንግሥቲን አልወለድሁም ብዬ ልማል?» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ስለዚህ ሁሉም ፈራ። «እናንተ ምላችሁ የልጄን መቃብር ደፈናችሁት። ማረው የት ነው ያለው እንግዲህ? ርብ ወንዝ ውስጥ ነው? ነገ ወረታ እወርዳለሁ፤ አያ ሸዋዓለም በሐሰት ምለዋል ብዬ የጣቴን አሻራ እሰጣለሁ።»

ደረሰ ሂጂ ከልካይ የለሽም ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን እዚያው ላይ ቀረ። ትሁን የሚባለው ጎረቤቱ በዱላው ተደግፎ ከኋላ ቆሟል። ካቻምና ደረሰ ከትሁን ላይ ትልቁን እርሻ የረታው በአንድ ሰው መሐላ ነው፤ በአያ ሸዋዓለም። የትሁን ጆሮ እንደ ፈረስ ጆሮ ቆመ። አንድ ሌላ ሰውም ወደ ጎረቤቱ ዞሮ አየ። ያም ወደ ሌላው ዞረ። በቅጥሩ ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ ግማሹ መሬቱን በእሳቸው ምላስ አግኝቷል፤ ግማሹ በእሳቸው ምላስ አጥቷል። ሽማግሌው ሐሰተኛ ከተባሉ ከጉማራ ወንዝ እስከ ርብ ያለው ድንበር ሁሉ ተነሥቶ ሊሄድ ነው።

«እትዬ» አለ ደረሰ። ቃሉ ከዓመት በላይ የት ጠፍቶ እንደ ነበር እንጃ። «ምን እዚህ ያደርሳል? ውሰጂው። መሬቱ ያንቺው ነው።»

«አንተን አላነጋገርሁህም» አለችው። «አያ ሸዋዓለም፣ እርስዎ ይንገሩ። እዚሁ፣ ሰው በሙሉ እየሰማ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ፊታቸው በአንድ ጊዜ አረጀ። «ሄዳለች» አሉ። «ዐሥራ አራት ዓመት ሱዳን ኖራለች። ባሏንና ልጇን እዚያ ቀብራ መጥታለች። የአያልነህ ልጅ፣ የኛው ልጅ ናት።»

«ወረታ ወርደውም ይበሉልኝ።»

«እሱንስ አልችልም» አሉ። «እዚያ አንዴ ብያለሁ።»

ይታይሽ በእሳቸውም፣ በደረሰም፣ በጸሐፊውም እንደ ተናደደች ወደ መሬቷ ወረደች።

ጓያው ሲያብብ አንድ ፖሊስ መጣ። ያለ ፈቃድ የተቀመጠች ሱዳናዊት ሴት ተይዛ ትምጣ የሚል ትእዛዝ ይዟል። ጥቁሩ ጭቃ አንዱን ጫማውን ወስዶበት ሁለተኛውን በእጁ አንጠልጥሎ ነበር። አያ ሸዋዓለም እንዲህ ያለች ሴት በአገራችን የለችም አሉት። ትሁንም የለችም አለ። ደረሰማ ከሁሉ በላይ ሆኖ፣ እህቴ ናት፣ ከርብ ማዶ እግሯ አልረገጠም ብሎ በሚካኤል ማለ። ፖሊሱ ደስ ብሎት፣ አልተገኘችም ሊል ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

ይታይሽ ከማሳው መካከል ቀና አለች። «አለሁ!»

ፖሊሱ አያት፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ፣ በእጇ አረም። «አንቺን አይደለም እናቴ» አላት። «የምፈልገው ሱዳናዊቷን ነው።»

«ገዳሪፍ ኖሬ የመጣሁት ይታይሽ እኔ ነኝ። አባቴ አያልነህ፣ አገሬ ቁሐር። የለችም ብለህ እንዳትጽፍ።»

ሰው ሁሉ በዐይኑ ዝም በይ ይላታል፤ ደረሰ እጇን ሊይዝ ሞከረ። በክርኗ ገፍትራው አለፈችና አውራ ጣቷን ጭቃው ውስጥ ነክራ፣ ገዳሪፍ ላይ ቀለም ውስጥ እንደ ነከረችው አድርጋ፣ ከትእዛዙ ላይ፣ ልክ ከማኅተሙ ጎን፣ አሳረፈችው። ፖሊሱ ወረቀቱን ማጠፍ አልቻለም፤ ጭቃው እስኪደርቅለት ባንድ እጁ ጫማውን፣ ባንድ እጁ የይታይሽን አውራ ጣት ዘርግቶ እንደ ያዘ ወደ ወረታ መንገድ ወጣ።