አባቴ በአዳራሹ በር ላይ

አባቴ ያን እሑድ ሞጣ ድረስ ለምን መጡ? ሊታረቁኝ ነው ወይስ ዓይኔን አይተው ሊረግሙኝ? በየት በኩል ብይዘው መልስ አላገኘሁለትም።

ጴንጤ ሆንሁ ባልኋቸው ቀን፣ "እንግዲህ ቢቸና አትምጪ" አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም። ሞጣ ገባሁ። ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ተማሪዎች ጋር ተቀምጬ፣ በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረስሁ። ከዚያ የአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ረዳት ሆኜ ተቀጠርሁ። ቀጠሮ እይዛለሁ፣ ስብከት እተይባለሁ። እሑድ እሑድ የፓስተሩን ስልክ፣ መጽሐፍ ቅዱስና ውኃ ይዤ ከመድረኩ ጎን እቀመጣለሁ። ጉባኤው እስኪያልቅ ከዚያ ወንበር አልነሣም፤ ሥራዬ ነው።

በሩን የሚጠብቀው ሰውዬ እዚህ የተመደበች መምህርት ሚስቱን ተከትሎ ከደቡብ የመጣ፣ በጴንጤ አዳራሽ ተወልዶ ያደገ፣ ጨዋታ ወዳድ ነው።

"አንቺ እኮ" ይለኛል፣ "መንግሥተ ሰማያት ስንደርስ ጴጥሮስን ከበር አስነሥተሽ፣ 'ቀጠሮ አላችሁ?' የምትይን ነሽ።"

አንድ ጊዜ በጸሎት ላይ ሳለን ድንጋይ ከተወረወረብን ወዲህ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ያዘዙት ትእዛዝ ነበር፤ በር ላይ የሚቆም ሰው ወይ ይግባ፣ ወይ ይሂድ።

ያን እሑድ ምእመኑ ተበትኖ የፓስተሩን ኮት ይዤ ስወጣ፣ ጥበቃው ገና ሳልደርስበት እየሳቀ ነበር።

"ዛሬስ አንድ አባት አሳቁኝ" አለኝ።

"ምን አደረጉ?"

"በር ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ። ብረቱን ሳሙ። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው ዝም ብለው ቆሙ። ወንበር ባወጣላቸው፣ እንቢ። ስብከቱ ሲጋመስ፣ 'አባባ፣ ወይ ይግቡ እንጂ' ብላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? 'በልቻለሁ'።"

"አንተስ ምን አልኻቸው?"

"ምን እላለሁ? 'ምግብ የምናድለው ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ይምጡ አባባ' አልኋቸው። ትንሽ አዩኝና ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ ሄዱ። በትራቸው ደግሞ በቀይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ታስሯል። ለምን ይሆን?"

ተሰንጥቆ ነበር። ያሰርሁላቸው እኔ ነኝ።

በእኛ አገር ደጀ ሰላም ደርሶ "በልቻለሁ" የሚል ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ሕፃን ያውቃል። እህል ቀምሻለሁና ወደ ውስጥ አልዘልቅም፣ ከዚሁ ሆኜ እሳለማለሁ ማለቱ ነው። ጥበቃው ይህን ከየት ይወቀው? እሱ የሰማው የተራበ ሽማግሌ ይሉኝታ ነው። በሬያቸውን ጠምደው፣ ጎተራቸውን ሞልተው፣ መንገደኛ ጎትተው የሚያበሉትን ሰው በትሕትና፣ "አባባ" እያለ፣ ለማኝ አድርጎ ሸኛቸው።

ኮቱን እንደያዝሁ መነኻሪያ ሮጥሁ። የቢቸናው መኪና ወጥቷል። ኔትወርክ ከተዘጋ ሰንብቷል፤ ጥቂት ቆይቶ መንገዱም ተዘጋ። ሲከፈት በመጀመሪያው መኪና የመጣልኝ መልእክት መርዷቸው ነበር። ስደርስ ተቀብረዋል።

"ሞጣ ልጄን አይቻት ልምጣ ብሎ ወጥቶ ነበር" አለችኝ እናቴ፣ ከለቀስተኛው መሐል ነጥላ። "ሲመለስ ምንም አልነገረኝ። አገኘሽ?"

"አላገኙኝም" አልሁ። ውሸት አይደለም፤ እውነትም አይደለም።

ለጥበቃው አልነገርሁትም። ደግ ሰው ነው፤ ብነግረው ያን በር ዳግም ደፍሮ የሚጠብቀው አይመስለኝም። ቀልዱን ይቀልዳል፤ እኔም የምችለውን ያህል ፈገግ እላለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን አንድ ነገር ይዤ እጽናና ነበር። በልተው ስለነበር ነው፤ ባይበሉ ኖሮ ይገቡ ነበር፤ ገብተውም ከመድረኩ ጎን ያዩኝ ነበር። የእኛን የቆርቆሮ በር እንደ ታቦት ደጅ ከተሳለሙት፣ ከቤተ ክርስቲያን ቆጥረውታል፤ ከቆጠሩት ደግሞ እኔንም ከልጅነት አልፋቁኝም። እንዲህ እያልሁ እያያያዝሁ ኖርሁ።

ለእናቴ የነገርኋት ተዝካራቸው ካለፈ በኋላ፣ ቢቸና፣ ጓሮ ተቀምጠን ባቄላ ስንፈለፍል ነው። ሁሉንም ነገርኋት፤ ሐሙስ ይምጡ የተባሉትንም አልዘለልሁም። እጇ ሥራውን አላቋረጠም።

"በልቻለሁ አለ?"

"አዎ።"

"ያን ቀን ምንም ሳይቀምስ ነው የወጣው" አለች። "ስንቅ ቋጥሬለት ነበር፤ ሳይፈታው መልሶ አመጣው።"

አንድ ሁለት ፍሬ ባቄላ ፈለፈለች።

"መቀመጫስ አልሰጠውም ሰውዬው?"

"ሰጥቷቸው ነበር። እንቢ አሉ።"

"እንቢ ይላል" አለችና፣ ፊቷን ወደ አጥሩ መልሳ አለቀሰች።