ወደ ግራ የሚስበው ሞተር ሳይክል

በዚያ ጠዋት በግብርና መሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን፦ ሞተር ሳይክሉን የሚነዳው የግብርና ሠራተኛ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሽማግሌ ዘበኛ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ጎረቤታችን መሪጌታ፣ ብስክሌት ስለምጠግን የተጠራሁት እኔ። ጊዜው የደርግ ነው፤ የመንግሥት ንብረት ሲበላሽ ወዲያው «አሻጥር» ይባላል።

የግብርና ሠራተኛው በዋዜማው ከመካነ ሰላም ወደ ከላላ ሲሄድ ሞተሩ ወደ ግራ እየሳበ ገደል አፋፍ ላይ ጥሎታል። ክርኑ ተልጧል። «አንድ ሰው ሆን ብሎ ፈታትቶታል» ይላል። ከሞተሩ ጋር የሚያድሩት ደግሞ ዘበኛው ብቻ ናቸው። ሊቀ መንበሩ ሊያስራቸው ነው የመጣው፤ እሳቸውም አውቀውት ቆሎ በጨርቅ ቋጥረው ይዘዋል።

«መጀመሪያ ይለካ» አልኩ።

ሊቀ መንበሩ በእጄ ያለውን ሲባጎ አየና «ደግሞ መሬት እንዳታከፋፍለን!» አለኝ።

መሪጌታ መሪውን ቀጥ አድርገው ያዙልኝ። ሲባጎውን በኋላ ጎማው ጀርባ አዙሬ፣ ሁለቱን ጫፎች የጎማውን ግራና ቀኝ ጎን አስነክቼ ወደ ፊት ሳብኩና ከፊት ጎማው አሳልፌ በሁለት ችካል ላይ ወጠርኳቸው። በፊት ጎማውና በክሩ መካከል ያለው ክፍተት በሁለቱም በኩል እኩል መሆን ነበረበት። በቀኝ በኩል የክብሪት እንጨት በቁመቱ ገባ፤ በግራ በኩል ክሩ ጎማውን ነክቷል። የኋላ ጎማው ወደ ቀኝ ዞሯል ማለት ነው፤ ኋላው ወደ ቀኝ ሲሄድ ፊቱ ወደ ግራ ይስባል።

«ይኸው! ተነክቷል!» አለ የግብርና ሠራተኛው።

ጭቃውን ስጠርግ፣ የኋላ ጎማው የሚዞርበት ብረት በቀኝ ጫፉ ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ እዚያው ላይ የተበጠሰ ጠፍር ተቋጥሯል።

«የኔ ነው» አሉ ዘበኛው። «በቅሎስ ሳትታሰር ታድራለች? ከምሰሶው ጋር ጥርቅ አድርጌ አሰርኩት።»

«ገብስስ አቀረቡለት?» አሉ መሪጌታ።

«ልፈታው ስል ‹አባባ ዞር በሉ› ብሎኝ አስነሥቶ ጠፍሩን በጥሶ በረረ እኮ!»

የግብርና ሠራተኛው ፊቱ ቀላ።

«ፈትተውታል ብለህ ጠራኸኝ፤ አስረውት አገኘሁ» አለው ሊቀ መንበሩ። «አባባ፣ ቆሎዎን ቤትዎ ይብሉ።» ብሎ ወጣ።

እኔ ግን ያልተናገርኩት ነገር ነበር። ብረቱን ጫፉ ላይ የሚይዘው ዳዶ ጠብቆ ታስሮ ቢሆን ጠፍር ብቻውን ያን ብረት አያንቀሳቅሰውም፤ ስነካው ግን በጣቴ ዞረ። ሊቀ መንበሩ ከራቀ በኋላ «ዳዶውን ማን አላላው?» አልኩ። የግብርና ሠራተኛው ሰንሰለቱን ከወጠርኩ በኋላ አጥብቄዋለሁ አለ፤ ዘበኛው የዳዶ መፍቻ ቁልፍ በእጄ ነክቼ አላውቅም አሉ። መሪጌታ ሁለቱንም ተራ በተራ ሲያዩ ቆዩ፤ ከዚያ እኔንም አዩኝ።

በዚያ ጠዋት ከእኔ ጋር የነበራችሁ፣ ያቺ መፍቻ ቁልፍ በመጨረሻ በማን እጅ እንደነበረች ያያችሁ ካላችሁ፣ እዚህ የጎደለውን ሙሉበት፤ የተሳሳትኩትንም አርሙ።