የኔታን ማረም

የኔታ የምንላቸው የቄስ ትምህርት ቤት መምህር ሆነው አይደለም። መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ እኔንና የዘመኔን ልጆች ኮምፒውተር ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። በልጅነታቸው ጥቂት ዓመት ቤተ ልሔም በሚባለው የድጓ ቤት ዜማ ተምረው ስለነበር፣ ስማችንን ሲጠሩ እንኳ ድምፃቸው ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ስሙን ያወጣንላቸው ለማሾፍ ነው፤ ማሾፉ ተረሳና ስሙ ቀረ።

አሁን እኔም እዚያው ከተማ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። ወገዳ ከተማ በጤና ሥራ ላይ ካለ የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ጋር ሆነን፣ ለኮድ መለማመጃ የሚሆኑ ጥያቄዎችን ከነመፍትሔያቸው የምናኖርበት የጋራ ማከማቻ ኢንተርኔት ላይ ከፍተናል። ሪፖ እንለዋለን። ጥያቄ የሚያወጣ ያወጣል፣ የፈታ መፍትሔውን ይልካል፣ እኔ አይቼ አስገባለሁ ወይም «ይቀረዋል» ብዬ እመልሳለሁ። ሪፖው እንዲዝረከረክ አልፈቅድም። ፋይሉን ያለቦታው ያስቀመጠ ሁሉ ቁጣዬን ቀምሷል።

የኔታ ጡረታ በወጡ ሰሞን «እኔንም አስገቡኝ» አሉን። ትምህርት ቤቱ ሲሸኛቸው ጋቢ ሸልሟቸው ነበር። «ጋቢ የሚያለብሱህ ተቀመጥ ሲሉህ ነው፤ እኔ ደግሞ መቀመጥ አላውቅበትም» አሉ። በጣም ደስ አለኝ። በየሳምንቱ መፍትሔ ይልኩ ጀመር። ከእያንዳንዱ መስመር በላይ ማብራሪያ ስለሚጽፉ ማብራሪያው ከኮዱ ይረዝማል።

ነገር የመጣው ከጉና ተራራ ውርጭ ነው። ጓደኛዬ ያወጣው ጥያቄ ቀላል ነበር፤ የአየር ሙቀት ቁጥሮች ይሰጣሉ፣ ከመካከላቸው ትልቁን መፈለግ ነው። የኔታ ፈትተው ላኩ፣ ስሞክረው ሠራ፣ አስገባሁት። በኋላ ጓደኛዬ ጉና ላይ ሌሊት ይኖራል ያለውን ቅዝቃዜ ቢሰጠው መልሱ ዜሮ ሆነበት። ቁጥሮቹ በሙሉ ከዜሮ በታች ናቸው፤ ዜሮ የሚባል በመካከላቸው የለም። ለካ የኔታ ሲጀምሩ ትልቁ ዜሮ ነው ብለው ስለተነሡ፣ ከዜሮ የሚበልጥ ሲጠፋ ኮዱ እዚያው ዜሮው ላይ ይቀራል።

«አንቺ ንገሪያቸው» አለኝ በስልክ።

«ጥያቄው ያንተ አይደል?»

«እኔ የኔታን ተሳስተዋል ልበላቸው? አፌ ይተሳሰራል።»

ጓደኛዬ የቄስ ልጅ ነው። መጽሐፍ ሲተረጎም የፊተኛው ሐተታ ሳይሻር «አንድም» ተብሎ ሌላው ከጎኑ እንደሚቀመጥ እያየ ነው ያደገው። እሱም የየኔታን ፋይል ሳይነካ፣ ትክክለኛውን ከጎኑ አኖረና ስሙን «አንድም» አለው። ሌሎቹም አዩ፣ ወደዱት። ብዙም ሳይቆይ ከየኔታ ሥራዎች ሁሉ ጎን፣ ስሕተት ከሌለባቸው ሳይቀር፣ አንድም ላይ አንድም ተደረደረ። ሪፖው የትርጓሜ ቤት መሰለ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ኋላ ግን አዲስ ተማሪዎች ቀድመው የሚከፍቱት የየኔታን እየሆነ፣ ያንኑ ዜሮ ይዘው ይመጡብኝ ጀመር። ሰውን ሁሉ የምቆጣው እኔ ይሉኝታ ይዞኝ ዝም አልሁ። ከነገርኳቸው ላፕቶፑን ዘግተው፣ ጋቢውን ተከናንበው ይቀመጣሉ ብዬ ፈራሁ። እሳቸውን ከማጣ ዜሮውን መሸከም መረጥሁ።

ተማሪው ሲበዛብኝ ግን አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤታቸው ሄድሁ። ጾም ስለነበር የባቄላ አሹቅ ቀረበልኝ። ስለ ገብሱ፣ ስለ መንገዱ እያልሁ ዙሪያ ጥምጥም ስሄድ ሰሙኝና «ልጄ፣ የመጣሽበትን ተናገሪ» አሉ።

ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው የውርጩን ቁጥሮች አስገቡ። ዜሮ አለ።

«ይኼን ካያችሁት ቆያችሁ?»

«ከጥምቀት ወዲህ ነው፣ የኔታ።»

«አንድም፣ አንድም ስትሉ የከረማችሁት ለዚህ ነው?»

«እንዳናስቀይምዎ ብለን ነው።»

«አንቺ ስትሳሳቺ ዝም ብዬሽ አውቃለሁ?»

«አያውቁም።»

«ትችያለሽ ብዬ ነዋ። ትምህርት ቤቱ አንድ ጋቢ አለበሰኝ፤ እናንተ ደግሞ ደረባችሁልኝ።»

እንባዬ መጣ። አቀርቅሬ አሹቁን መቆርጠም ያዝሁ።

ማታውኑ ፋይላቸውን ከሪፖው አወጣሁና ሁሉም በሚያየው ቦታ «ይቀረዋል፤ ቁጥሩ ሁሉ ከዜሮ በታች ሲሆን ይሳሳታል» ብዬ መለስሁት። በማግሥቱ አርመው ላኩ። አሁን ከዜሮ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቁጥር ነው የሚነሡት። ሞከርሁት። ምንም ቁጥር ካልተሰጠው ግን መጀመሪያ የሚባል ስለሌለ ኮዱ ይወድቃል። ይችን እንኳ ልለፍላቸው አልሁ። ወዲያው ጋቢው ትዝ አለኝና «አሁንም ይቀረዋል፤ ባዶ ሲሰጠው ይወድቃል» ብዬ መለስሁ።

ጓደኛዬ ከወገዳ ደወለ። «ደግመሽ መለስሽባቸው? ምን ዓይነት ልብ ነው ያለሽ?»

ልቤስ ሲመታ ነበር የዋለው። በሦስተኛው የላኩት አንድም እንከን አልነበረበትም፤ አስገባሁት። ለአክብሮት ብቻ የተደረደሩትንም አንድሞች ከጓደኛዬ ጋር ለቅመን አወጣን።

በሳምንቱ እኔ ራሴ አንድ መፍትሔ ላክሁ። ከቀትር በፊት የኔታ አይተውት ኖሯል። ከሥሩ «ይቀረዋል» ይላል፤ ቀጥሎ ከኮዴ የሚረዝም ማብራሪያ። አንድ በአንድ አነበብሁት፣ ሁሉም ልክ ነው። የመጨረሻው መስመር ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ፤ «ፋይሉንም ያለቦታው አስቀምጠሽዋል» ይላል።