ጠያቂ ያጣ በሽታ

ታናሽ ወንድሜ እግሩ የተሰበረ ጊዜ ቤቱ ሰርግ ቤት መስሎ ነበር። ካብ ሲክብ ወድቆ ነው፤ ወጌሻው አሽቶ በሸንበቆ አሰረለትና መደብ ላይ ተጋደመ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰው በሰው ላይ ሆነ። አንዱ ጠላ፣ አንዱ እርጎ ይዞ፣ አንዱ ዶሮ አንጠልጥሎ ይመጣል፤ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ «እግዜር ይማርህ» ይላል፤ እሱም «አሜን፣ እናንተንም ያቆይልኝ» ብሎ ይመልሳል። በእኛ አገር፣ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ገሳይን አለፍ ሲሉ ባለው ደጋ፣ የታመመ ያልጠየቀ ከሰው አይቆጠርም። ዘግይቶ የመጣ በር ላይ ቆሞ ሰበቡን ይደረድራል። ባዶ እጁን የመጣማ ልጆቹ እስኪያገቡ ድረስ ይታማል።

የዘር ጊዜ ነበርና ደቦ ወጡለት። የመንደሩ በሬ ሁሉ ተጠምዶ ገብሱን ባንድ ቀን ዘርተውለት ገቡ። እሱ መደቡ ላይ ሆኖ የጅራፉን ጩኸት እየሰማ አለቀሰ። እኔም ኮራሁ። ደብረ ታቦር ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው፣ የእኛን ሰፈር ሄዳችሁ እዩ» እያልኩ ስንት ቀን ለፈፍኩ። ምነው ምላሴ በተቆረጠ!

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እህል ሊታጨድ በደረሰበት በኅዳር፣ ይኸው ወንድሜ ጭንቅላቱን ታመመ። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ። ቀጥሎ እህል ውሃ አልቀምስ አለ። ከዚያ በጆሮው የሚያንሾካሹኩ ሰዎች መጡበት፤ «ጎረቤቶቼ ምንጩ ውስጥ መርዝ እየጨመሩ ነው» ማለት ጀመረ። ሚስቱ ስልክ ደውላ «እትዬ፣ ወንድምሽ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ይነጋገራል፤ ሰው ግን የለም» አለችኝ። አንድ ጠዋት ማጭዱን እንደያዘ ማሳው መሀል ቆሞ ጮኸ። ማንንም አልነካም፤ ይህን የሚክድ የለም። ስድስት ሆነው ተረባርበው፣ ለሞፈሩ ብሎ ራሱ ባለፋው ጠፍር ከቤቱ ምሰሶ ጋር አሰሩት።

እኔ ስደርስ የእጁ አንጓ ተልጦ ነበር። በልጅነቴ በጀርባዬ ያዘልኩት ልጅ ቀና ብሎ አይቶኝ «ውሃ» አለኝ። ያሰሩት እነማን ናቸው? ደቦ የወጡለት ናቸው። ያው እጅ! ማሰራቸውንስ ፈሩ እንበል፤ ማጭድ ይዞ የሚጮህ ሰው ያስፈራል። አንጀቴን ያሳረረው ሌላ ነው። አስረውት ወጡ፤ ወጥተው ቀሩ። አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ተመልሶ በሩ ላይ ጎንበስ አላለም። እግዜር ይማርህ ያለው የለም። እዚህ አገር በሬ የሞተበት ሰው እንኳ ይጠየቃል እኮ! ገብሱም እንደቆመ ቀረ፤ የሚያጭድለት ጠፍቶ ወፍ ለቀመው፣ የተረፈውም ረገፈ።

ከአጥሩ ማዶ ያሉት ባልቴት፣ እግሩ የተሰበረ ጊዜ ሦስቴ ጠላ ያመጡት፣ ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ ጠብቄ ያዝኳቸው።

«እማማ፣ ምነው ጠፉ?»

«ምን ብዬ ልጠይቀው ልጄ? ይኸ እኮ በሽታ አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እኔ አላውቅ። የሠራው ነገር ይኖራላ።»

አንቱታዬን አልተውኩም እንጂ ደሜ ፈልቶ ነበር። ምን ሠራ? ገብስ ዘራ! ልጅ አሳደገ! የእሳቸውንም ማሳ ባላቸው የሞቱ ጊዜ ያረሰላቸው እሱ ነው። ይህን ሁሉ አፌ ላይ አድርሼ ዋጥሁትና ገባሁ።

እዚህ ላይ የእኔም ጉድ ይመጣል። እሑድ ከቅዳሴ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሜ፣ ሁሉም እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ወንድሜን የያዘው ታይፎይድ ነው፤ ወደ ጭንቅላቱ ወጥቶበት ነው» አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር እኛ ዘንድ ይታመናል። ጉድ በል ጎንደር! ከቀትር በኋላ ቤቱ ሞላ። «ታይፎይድ ነው ለካ! እኛማ ሌላ ነገር መስሎን» እያሉ ይገባሉ። ባልቴቷ በሌማት እንጀራ ከነወጡ ይዘው መጡ። እኔ አስቀድሜ ጠፍሩን ፈትቼ ጭድ ውስጥ ደብቄዋለሁ፤ ወንድሜን ጋቢ አከናንቤ «አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ» ብዬዋለሁ። እግዜር ይማርህ እንደ ሐምሌ ዝናብ ወረደ። ለታይፎይዱ ነው እንጂ ለእሱ አልነበረም፤ እኔ ሞኟ ግን ደስ አለኝ።

ውሸቴን እየደጋገምኩት ሄጄ እኔው ራሴ ያመንኩት ይመስለኛል። ክሊኒክ ወስጄው ሐኪሙ «ምን ሆኖ ነው?» ቢለኝ «ትኩሳት» አልኩ። ስለ ጆሮው ሹክሹክታ፣ ስለ መርዙ፣ ስለ ምሰሶው ትንፍሽ አላልኩም። የታይፎይድ መድኃኒት ታዘዘለት፣ ዋጠ፤ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት ተወቀጠለት፣ እሱንም ዋጠ። ሁለት ወር ሙሉ ወንድሜ ያልታመመውን በሽታ ታከመ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እኔ ደግሞ የራሴን እንኳ አይደለም፣ የሰው በሽታ ሸሸግሁ።

አንድ ቀን ታዲያ ጠያቂ በተሰበሰበበት ወንድሜ ጋቢውን ገለጠና አንደኛውን ሰውዬ «መርዙን የት አደረስከው?» ብሎ ጠየቀው። ቤቱ በቅጽበት ባዶ ሆነ። አንዷ ነጠላዋን እንኳ ረስታ ወጣች። ባልቴቷ ሌማታቸውን ሊወስዱ ራሳቸው አልመጡም፤ ልጃቸውን ልከው ከአጥሩ በር ላይ አስወሰዱ። ጠፍሩም ከጭዱ ወጣ።

የነፍስ አባቱ መስቀል ሊያሳልሙ መጥተው ሲያዩት አዘኑ። እኔ ጠበል ብቻ ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ «ጠበሉንም ይጠመቅ፣ ሐኪምም ይየው። መድኃኒቱንስ ማን ፈጠረውና?» አሉኝ። «የት ልውሰደው አባ? የዚህ ሐኪም የት ነው?» ብላቸው ግን እሳቸውም አያውቁም።

የት እንደሆነ የነገሩኝ ጨርቅ የምገዛቸው ነጋዴ ናቸው። ሱቃችን ግድግዳ ይጋራል፤ ስምንት ዓመት ጎረቤት ነን፤ የልጆቻቸውን የኢድ ልብስ የምሰፋው እኔ ነኝ። አንድ ቀን መቀሱን ጥዬ ስንሰቀሰቅ አዩኝና ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ መዋሸት ሰልችቶኝ ስለነበር እውነቱን ነገርኳቸው። ሐጂ በሩን ገርበብ አደረጉ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ። «የእኔም ባለቤት ሁለተኛዋን ልጅ የወለደች ጊዜ እንዲሁ ሆና ነበር። ሕፃኗን አላቅፍም ብላ። ታክማ ነው የዳነችው፤ እዚሁ ከተማ» አሉኝ።

«ሐጂ! ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺስ ነገርሽኝ?»

የታከመችበት ጤና ጣቢያ የት እንደሆነ ጠየቅኋቸውና ነገሩኝ። ጤና ጣቢያው ደግሞ፣ ስሙን አልጠራም፣ በየቀኑ በደጁ የማልፈው ነው። ስለ ክትባት ማስታወቂያ አለው። ስለ ወባ አለው። ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ከነሥዕሉ አለው። ስለዚህ በሽታ ግን መዳፍ የምታህል ወረቀት የለችም! ክፍሉ ጓሮ ነው፣ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ፤ የሠለጠነው ነርስ አንድ። ለዚህ ሁሉ ተራራ ሰው አንድ! እነሱ አይለጥፉ፣ እኛ አፍረን አንጠይቅ፣ የዳነው አፍሮ አይናገር፤ በዚህ መሀል ሰው ምሰሶ ላይ ታስሮ ይከርማል። ከሁሉ ከሁሉ ይኸኛው ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

ልወስደው ብነሣ ሾፌሮቹ አንጭንም አሉ። «ተሳፋሪ ይረብሽብናል» ይላሉ። አንዱማ «ላይ፣ ከጭነቱ ጋር ካሰራችሁት» አለኝ። ስድስት ፍየል እየጮኸ የሚጭን መኪና ነው እኮ! ወይ አለማፈር! በመጨረሻ ሐጂ ጨርቅ የሚያመጣላቸውን አይሱዙ ላኩልኝና ወንድሜ ከእኔና ከሾፌሩ መሀል ጋቢና ተቀምጦ ገባ። መንገዱን ሁሉ አንዴም አልረበሸም።

መድኃኒቱን በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት እንቅልፍ ወሰደው። ለፋሲካ «በሬዎቼን ማን እያበላቸው ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ሚስቱ ማጀት ገብታ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ራሱ ያርሳል፣ ራሱ ያጭዳል። ደቦ አይጠራም፤ እነሱም አይጠሩትም። ነርሱ አጥብቆ ያስጠነቀቀው አንድ ነገር ነው፤ «መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ።» ሚስቱም የተናገረችው አንድ ነገር ነው፤ «ያ ነገር ከተመለሰ ልጆቼን ይዤ አባቴ ቤት እገባለሁ።» አልፈረድኩባትም።

ዘንድሮ፣ ሊዘራ ሲሰናዳ፣ መንገድ ተዘግቶ ሰነበተና ኪኒኑ የአራት ቀን ብቻ ቀረው። መንገዱ እንደተከፈተ ወንድሜ ደብረ ታቦር መጣና ተያይዘን ሄድን። ዘበኛው ግቢው መሀል ቆሞ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ «የአእምሮዎች ወደ ጓሮ!» ብሎ ጮኸ። ወንድሜ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበ። መድኃኒት መስጫ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ቀና ብላ ሳታየን «አልቋል» አለች።

«መቼ ይመጣል?»

«አይታወቅም።»

እሳት ጎረስኩ። «አይታወቅም ማለት ምን ማለት ነው? የእሱ መድኃኒት አልቋል ማለት ጠፍር ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ? ሚስቱ ትሄዳለች፣ ማሳው ጦም ያድራል። አንቺ እዚያ ተቀምጠሽ አልቋል ባልሽ ቁጥር እዚያ ተራራ ላይ አንድ ሰው ይታሰራል!» ልጅቷ ደነገጠች፤ ጥፋቱም የእሷ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን በማን ልጩህ? ነርሱ ድምፄን ሰምቶ መጣ። ፊቱ ገርጥቷል። «እትዬ፣ እኔም ይላክልኝ ብዬ ጽፌ ጽፌ ደከመኝ። ቆዩኝ፣ ሌላ ጤና ጣቢያ ካሉት ጓደኞቼ ልለምን» ብሎ ወጣ።

ጓሮ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ስንጠብቅ አንዲት ወጣት ሴት ይዘው መጡ። እጇ በገመድ ታስሯል፤ ገመዱን ከፊት የሚጎትቱት አባቷ ናቸው፣ ልብሳቸው በአቧራ ነጥቷል፣ ከሩቅ እንደመጡ ያስታውቃል። ልጅቷ ለራሷ ታወራለች። አግዳሚው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ተነሣ። እኔም፣ ይኸን ሁሉ ስጮህ የዋልኩት እኔ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ጥግ ያዝኩ።

ወንድሜ ግን ተነሥቶ ወደ እሷ ሄደ። ቆቡን አወለቀ። የታመመ ሰው በር ላይ እንደሚደረገው ጎንበስ ብሎ «እግዜር ይማርሽ፣ እኅቴ» አላት። ልጅቷ ቀና አላለችም። አባቷ ገመዱን እንደያዙ በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ።

ነርሱ የሃያ ቀን ኪኒን ይዞ ተመለሰ። ለዘሩ ያደርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ እንደገና መጥቶ መጮህ ነው። ወንድሜን ቤቱ ላድርሰው ብዬ አብሬው ተሳፈርኩ።

መኪናው ውስጥ እሱ ኪኒኑን ደረት ኪሱ ከትቶ መንገዱን ያያል፤ እኔ ግን ጓሮ ለልጅቷ ያላት ቃል ከጆሮዬ አልወጣ አለ። መንደሩን ሁሉ ስረግም ከርሜ፣ እኔስ መቼ ነው ያልኩት? አሰብኩ፣ አሰብኩ። ውሃ አጠጥቼዋለሁ። ቁስሉን አጥቤለታለሁ። ዝም በል ብዬዋለሁ። «ምነው እንዲህ አዋረድከን» ብዬ አልቅሼበታለሁ። እግዜር ይማርህ ግን አንድ ቀን አላልኩትም። ለካ እኔም እንደ ባልቴቷ በሽታ ነው ብዬ አላመንኩም ኖሯል!

«እግዜር ይማርህ» አልኩት ድንገት።

ዞሮ አየኝ። «አሜን» አለ። ጥርሱም ብልጭ አለ። «ታዲያ ጠያቂ ባዶ እጁን ይመጣል እንዴ፣ እታለም?»

ስቄ ሳልጨርስ እንባዬ መጣ። ገሳይ ላይ መኪናውን አስቁሜ ብርቱካን ገዛሁ።

ሰፈር ስንደርስ ወንድሜ በሬዎቹን ሊያይ ቀድሞኝ ገባ። ባልቴቷ ከአጥሩ ማዶ ሆነው ፌስታሌን አዩ።

«ልትጠይቂ ነው ልጄ? ማን ታሞ ነው?»

«ወንድሜ ነዋ፣ እማማ! ጭንቅላቱን! ሁለት ዓመት አለፈው፤ እኔም ገና ዛሬ መጠየቄ ነው!» ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው፤ ያኔ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ለውሸቴ ከፍ ካደረግሁት በላይ። «ይምጡ፣ አብረን እንግባ!»

ወደ ቤቱ በር አዩ። ቀጥሎ እጃቸውን አዩ። «ባዶ እጄን?» አሉ።

ከፌስታሌ ሁለት ብርቱካን አውጥቼ በአጥሩ ላይ ዘረጋሁላቸው። እስኪቀበሉኝ ድረስ እጄን አላጠፍኩም።