እንሰት እየፋቅኩ ያስተማርኩት

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጠዋት እንሰት እየፋቅኩ ነበር። የጤና ጣቢያው ነርስ ጓሮ ድረስ መጣ። ከጎንደር የመጣ ልጅ ነው፤ እኛ ዶክተር እንለዋለን። «እማማ፣ በየቤቱ እየዞረ ስለ ኤች አይ ቪ የሚያስተምር ሰው እንፈልጋለን» አለኝ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም» አልኩት።

«ሰው ቤት ሲገቡ ውሻ አይጮህብዎትም አሉኝ። እሱ ይበቃል» አለ።

ሶዶ ወስደው በሥዕል አሠለጠኑኝ። እንዴት እንደሚተላለፍ፣ እንዴት እንደማይተላለፍ፣ ኮንዶም፣ ምርመራ፣ መድኃኒት። ቦርሳ ሰጡኝ። ገሱባ አጠገብ ያለውን ቀበሌያችንን በእግሬ ዞርኩት። ሰው ቁጭ ብሎ ይሰማል፣ «እሺ» ይላል፣ ይሸኘኛል።

አስቴር ከእኔ ቤት በታች ያለች ወጣት ናት። ባሏ በበሽታው ሞተ። እሷ ተመርምራ መድኃኒት ጀመረች፤ መንደሩ አወቀ። እኛ ጋ እንሰት የሚፋቀው በደቦ ነው፤ ዛሬ ያንቺ ጓሮ፣ ነገ የእኔ። ሴቶቹ ከደቦ አስወጧት። ብቻዋን ያን ሁሉ አትችልም፤ ቤቷ ቆጮ ጠፋ።

«በባዶ ሆድ መድኃኒቱ ያዞረኛል። ትቼው ዲምቱ ከተማ፣ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ» አለችኝ። መድኃኒቱን ከተወች እንደምትሞት አውቃለሁ።

የደቦው አለቃ ባሎቴ የምትባል ጎረቤቴ ናት፣ አብረን ያደግን። «አብሮ በመብላት አይተላለፍም ብዬሽ የለ?» አልኳት።

«ብለሻል። የእንሰት መፋቂያው እጇን ቢቆርጣትስ? ደሟ ቆጮው ውስጥ ቢገባስ? እሱን በሥዕል አሳይተውሻል?»

አላሳዩኝም።

ይህን እየነገርኳት የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ አሁን ሳቀች። አትሳቂ። እናንተ የዛሬ ልጆች ደግሞ «ድሮ የቀረ በሽታ ነው» ብላችሁ አትመረመሩም።

ጤና ጣቢያ ሄጄ ጠየቅኩ። ዶክተሩ «ቆጮ እንዴት ነው የሚሠራው?» አለ። ነገርኩት፤ ይፋቃል፣ ይጨመቃል፣ ጉድጓድ ውስጥ ይቀበራል፣ ይከርማል፣ ከዚያ እሳት ላይ ነው። ሰማኝና «ቫይረሱ ከሰውነት ከወጣ አይቆይም፣ ያን ሁሉ አልፎ ሰው አይዝም። እጅ ከተቆረጠ ግን ይታሰር፣ የማንም እጅ ይሁን» አለ።

ለባሎቴ ነገርኳት። «እንግዲያው የእሷን ቆጮ አንቺ ብዪው» አለች።

ከአስቴር ጋር ሁለት ሆነን ፋቅን፣ ቀበርን። ሲደርስ ጋገረች። ደጇ ላይ ቁጭ ብዬ ሰው እያየኝ በዳጣ በላሁ። ከዚያ በኋላም በላሁ። ሴቶቹ ገበያ ሲያገኙኝ «ከስተሻል እንዴ?» ይላሉ። «ጉልበቴን ነው የሚያመኝ፣ እሱ ድሮም ነው» እላለሁ። አስቴርም ሆዷ እህል ሲይዝላት መድኃኒቷን መዋጥ አልተወችም። የዲምቱን ነገር ግን አልጣለችውም፤ «ሁልጊዜ አንቺን ይዤ እስከ መቼ?» ትለኛለች።

አስቴር ሌላ እንሰት የነቀለች ቀን ባሎቴ መፋቂያዋን ይዛ መጣች። ማንም አልጠራትም። ተቀመጠች፣ ቀኑን ሙሉ ፋቀች።

ከሥራዬ የያዝኩት ይህን ነው፤ ሰው «እሺ» ስላለሽ ተነስተሽ አትሂጂ። የሚፈራውን እስኪነግርሽ ቁጭ በይ።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ባሎቴ «አንቺን አምኜ እንዳይመስልሽ» አለችኝ። «የአስቴር ቆጮ ከሁላችንም ነጣ። የእጇን ሙያ ልይ ብዬ ነው።» በሯ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። «ነገ የእኔ ጓሮ ነው። ንገሪያት፣ እንዳታረፍድ።»